«በይው» ይኑርልን

ሰሞኑን «ከልጆቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ» የሚል ምክር በዝቷል። ሬዲዮ ስትከፍቱ እሱ፣ የወላጆች ስብሰባ ስትገቡ እሱ። እኛ ባሕር ዳሮች ግን ጭጭ ብለናል። ደግ አደረግን! ጨዋ ቤት ኮሽታ የለውም።

የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው ይባላል። የሳሎናችንን ዝምታ ግን ለክቶ የጨረሰው የለም።

አባወራዎቻችንን ያስተማራቸው መቼም አባይ ነው። ግልገል አባይ ከሰከላ ወርዶ ጣና ሲገባ፣ ከሐይቁ ውሃ ሳይቀላቀል መሀሉን ሰንጥቆ ይወጣል ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። ውሃውን የሚያጠኑት ይከራከሩበት። የእኛ አባወራ ግን ልክ እንደዚያ ነው። ማታ ይገባል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሳሎኑን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ጠዋት ይወጣል። ከማንም ጋር አይቀላቀልም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እያላችሁ አትተርቱ። የጠማው ልጅ እናቱን ይጠይቅ።

ደግሞ አባት ወሬ አይችልም ያለ ማነው? ግሮሰሪ ስትገቡ ስሙት። የአርሴናል ተከላካይ የትኛው ጉልበቱ እንደታመመ ያስረዳችኋል። ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰ ስትሉት፣ «ስምንት… አይ፣ ዘጠኝ… እናቱ ታውቃለች።»

እናቱ! አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየው። 380 ሜትር ነው፣ ያምራል። ከአንዱ ሶፋ እስከ ሌላው ግን ሁለት ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ጥገና የሚሠራ ድልድይ አለ። ሪባን የቆረጠለት የለም።

«እማዬ፣ ጫማዬ አልቋል በይው።»

«ባለፈው የተገዛውስ የት ገባ በይው።»

ሁለቱም እዚያው ሳሎን ናቸው። ጆሯቸውም ደህና ነው።

የሴት ልጅ ጉዳይማ ከዚህም የላቀ ነው። ሌላው ዓለም መጽሐፍ የሚጽፍበትን ትምህርት እኛ በሦስት ቃል ጨርሰነዋል፤ «ከወንድ ጋር እንዳላይሽ!» አለቀ። ጥያቄ ካላት ቲክቶክ አለላት። ቀሪውን ደግሞ ሐይቁ ዳር፣ ዛፉ ሥር፣ ከእሷ እኩል የማያውቅ ልጅ ያስረዳታል። ከዚያ እናት ለጎረቤቷ፣ «ልጄ እኮ ምንም አትደብቀኝም» ትላለች። እውነቷን ነው። ያልጠየቁትን ምን ብሎ መደበቅ ይቻላል?

አንድ እንከን ብቻ አለን። ልጁ አድጎ ሥራ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ «አይደውልም፣ ምን አድርገነው ነው?» እያልን እናማርራለን። ምን ያማርራል? ያስተማርነውን ነው የያዘው። (እኔም ከአባቴ ጋር በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ የምንጨርሰው «እሺ፣ እናትህን ላገናኝህ» ላይ ነው። አርባ ሰከንድ ከሞላን ብዙ ነው።)

ባለፈው እሁድ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልበላ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አባት፣ እናትና አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አሉ። የተጠበሰ ቆሮሶ መጣላቸው። ልጁ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አባትየው ሎሚውን ጨመቀ፣ ከዚያ እሾሁን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ጣቱን ሲወጋው እንኳ እህ አላለም። ሥጋውን ጥርት አድርጎ በልጁ በኩል ገፋለትና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ልጁ በላ።

እናት ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። የራሷ ዓሣ ቀዝቅዟል።

«አባትህ ጣፈጠህ ወይ እያለህ ነው» አለች።

ሰውዬው አፉን አልከፈተም፤ ምስክር ነኝ።

ልጁም ቀና ሳይል፣ «ይጣፍጣል በይው።»