ማስተካከያ፦ የኢስታንቡል ውሾችና አዲሱ ሕግ

«ቱርክ የጎዳና ውሾች በሙሉ እንዲገደሉ ወሰነች፤ ኢስታንቡል ብቻዋን 4 ሚሊዮን አሏት» የሚለው ቀደም ሲል የወጣ መረጃ እንዲህ ይታረም።

4 ሚሊዮን የሚባለው የመላ አገሪቱ ግምት ነው። የአንድ ከተማ አይደለም።

ሕጉ የጸደቀው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ማዘጋጃ ቤቶች ውሾቹን ሰብስበው መጠለያ እንዲያስገቡ፣ እንዲከትቡ፣ እንዲያመክኑና አሳዳጊ እንዲፈልጉላቸው ያዛል። መግደልን የፈቀደው በማይድን በሽታ ለሚሰቃዩ ወይም ለሰው አደገኛ ለሆኑት ነው። ያም ሆኖ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ከዚያ በፊት በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሕግ መሠረት ውሻው ተከትቦና መክኖ ወደ ሰፈሩ ይመለስ ነበር። ጆሮው ላይ ምልክት ታስሮለት ሱቅ በር ላይ የሚተኛው ለዚህ ነው። ቦጂ የተባለው ውሻማ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በጀልባና በባቡር ሲንሸራሸር ዝነኛ ሆኖ ነበር!

ተቃውሞው የበረታው በታሪክም ምክንያት ነው። በ1910 (እ.ኤ.አ.) የኢስታንቡል ባለሥልጣናት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ሲቭሪያዳ ወደምትባል ደረቅ ደሴት ጭነው ወስደው ጥለዋቸዋል። አብዛኞቹ በረሃብና በውሃ ጥም አለቁ።

አሁን ዋናው ጭቅጭቅ የመጠለያ እጥረት ነው። ማዘጋጃ ቤቶቹ ገንብተው እንዲጨርሱ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ 2028 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ውሻ የመሰብሰቡ ሥራ ግን ተጀምሯል።