43 ዲግሪ፦ የቻናሉ ነው ወይስ የሙከራው?

የክርክሩ ነጥብ፦ ሙቀትንም ቃሪያን የሚያስቃጥለውን ካፕሳይሲንንም የሚለየው ቲአርፒቪ1 የተባለ የአዮን ቻናል (በሕዋስ ሽፋን ላይ እንደ በር ተከፍቶ ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶች የሚያሳልፍ ፕሮቲን) «በ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይከፈታል» እየተባለ ይጻፋል። ቁጥሩ ይቆይ ወይስ ይቅር?

ደጋፊ፦ ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ የቻናሉን ጂን ያገኙት በካፕሳይሲን አጥምደው ነው፤ ከአይጥ የስሜት ነርቭ የተዘጋጁ ጂኖችን ሕዋሳት ውስጥ አስገብተው፣ ካፕሳይሲን ሲነካቸው ካልሲየም የሚገባባቸውን ለዩ። ያው ቻናል ሲሞቅም ተከፈተ፤ ያውም ሙቀት ሕመም መሆን በሚጀምርበት አካባቢ። ይህ እንዲያው የሚታለፍ ግጥምጥሞሽ አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ግጥምጥሞሹን አልክድም። ቻናሉ ግን የሙቀት ብቻ ታዛዥ አይደለም። በ25 ዲግሪ የሕዋሱን ቮልቴጅ +100 ሚሊቮልት ቢያደርሱት በቻናሉ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ጅረት ያያሉ፤ የፈሳሹን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ6 በታች ቢያወርዱትም እንዲሁ። ሙቀት የሚያደርገው ቻናሉ የሚከፈትበትን ቮልቴጅ ወደ አሉታዊው ወገን መግፋት ነው። የእርስዎ 43 በ-60 ሚሊቮልትና በፒኤች 7.4 የተለካ ቁጥር ነው።

ደጋፊ፦ ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም ከአየር ግፊት ጋር ይለዋወጣል፤ 100ን የጣለ ግን የለም። ሁኔታውን አብሮ መጻፍ ይበቃል።

ተቃዋሚ፦ ውሃ ሲፈላ ቁርጥ ያለ ነጥብ አለው። እዚህ የምናየው እየቀና የሚሄድ ዳገት ነው፤ በ10 ዲግሪ ጭማሪ ጅረቱ ከ20 እጥፍ በላይ ያድጋል፣ በተራ ቻናሎች ግን 2 ወይም 3 እጥፍ ብቻ። «መነሻ» የምንለው ጅረቱ ከመሣሪያው ጫጫታ በላይ ብቅ ያለበትን ቦታ ነው። ሕዋሱ ብዙ ቻናል ካለው መነሻው ዝቅ ይላል።

የልኬቱ ጣጣም አለ። ቴርሞሜትሩ ከሕዋሱ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ የሚያነበው የሌላ ቦታ ሙቀት ነው፤ ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ይቀመጥ። ካፕሳይሲን ከሙቀቱ በፊት አይሰጥ፤ ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ በቀላሉ አይታጠብም፣ የቀረችው ቅንጣትም የሙቀቱን መነሻ ዝቅ ታደርጋለች። ካልሲየም ባለበት ፈሳሽ ደግሞ ቻናሉ ስለሚደነዝዝ ሁለተኛው ልኬት ያንሳል።

ደጋፊ፦ በዚህ ሁሉ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፦ ከ45 ዲግሪ በላይ ጅረቱ የሚለካበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ (ፒፔት) ከሕዋሱ ጋር ያለው መጣበቅ ይላላና የሚያፈስ ጅረት ቻናሉን ይመስላል። ቮልቴጁን ከ-100 እስከ +100 መጥረግ ይለየዋል፤ የሚያፈሰው ጅረት ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፣ የቲአርፒቪ1 ግን በአዎንታዊው ወገን ይጎብጣል። ጂኑ ያልገባባቸውን ሕዋሳትም እንዲሁ ማሞቅ ግድ ነው። ግን እነዚህ ቁጥሩን የሚያጠሩ እንጂ የሚሽሩ አይደሉም።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ይህን ይመልሱልኝ። ለሕመም ማስታገሻነት የተሞከሩ የቲአርፒቪ1 ማገጃዎች የሰዎችን የሰውነት ሙቀት ከፍ አድርገዋል። ቻናሉ ከ43 በታች ዝም የሚል ከሆነ በ37 ዲግሪ ምኑ ታገደ?

ደጋፊ፦ በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ የታገደው ቻናሉ ለአሲድና ለመሳሰሉት ሙቀት-ነክ ላልሆኑ ማነቃቂያዎች የሚሰጠው ምላሽ ነው። የሙቀት መነሻውን አይነካም።

ተቃዋሚ፦ አሲዱ ራሱ የሙቀት መነሻውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለቱን በአንድ ሕዋስ ላይ እንዴት ለያዩዋቸው?