ማስተካከያ፦ ጎርፍ ሲመጣ ከብት አይታሰርም

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ «ሃሪኬን ወደ ወሎ እየመጣ ነው፤ ከብቶቻችሁን በረት ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩ» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው።

የአየር ትንበያ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ሃሪኬን፣ ማለትም ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቃት ባሕር ነው። የብስ ላይ ሲወጣ ይዳከማል። በ2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ሶማሌላንድን መትቶ ወደ ሶማሌ ክልላችን ሲዘልቅ ጉዳት ያደረሰው በዝናብና በጎርፍ ነበር።

የእኛም ስጋት ጎርፍ ነው። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ የታሰረ በሬ መሸሻ የለውም፤ እዚያው ይሰምጣል። ምክሩ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የአደጋ ጊዜ የእንስሳት አያያዝ መመሪያዎች የሚሉት ተቃራኒውን ነው። ጊዜ ካለ ውሃው ሳይደርስ ከብቱን ወደ ከፍታ ንዱ። ጊዜ ካጠረ ገመዱን ፍቱ፣ በረቱን ክፈቱ፣ እናንተም ቶሎ ውጡ።

ላም የቤት ሀብት ናት፤ ትቶ መውጣት ይከብዳል። ግን ጉልበት ያልደረሰ ፈጣን ውሃም ጎልማሳ ሰው ይጥላል፤ ተመልሳችሁ አትግቡ።

ጽሑፉን ያጋራችሁ እባካችሁ አጥፉት። ወንዝ ዳር ላሉ ዘመዶቻችሁ ከላካችሁት ደግሞ ደውላችሁ ንገሯቸው።