የእናቴ መታጠቢያ ቤትና የዳማው ወለል

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ብዬ ደብረ ማርቆስ ሄጄ፣ ለእናቴ መታጠቢያ ቤት አሠርቼ ተመለስኩ።

የእናቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ከጓዳው ጀርባ አንዲት ክፍል በብሎኬት አስቀጠልን። ወርዷ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቷ 2 ሜትር። ሽንት ቤቱም፣ ሻወሩም፣ እጅ መታጠቢያውም እዚያችው ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ እናቴ የምትታጠበው ግቢው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ በባልዲ ነበር። ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ግን በክረምት ጭቃውን አቋርጣ እዚያ መድረስ ያስፈራታል። እኔም ባሕር ማዶ ሆኜ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የማስበው እሱን ነበር።

ከአሜሪካ ይዤው የሄድኩት ሐሳብ ጥቁርና ነጭ ወለል ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠራ ቤት ነው። መታጠቢያ ቤቱ በጣም ጠባብ ነው። ወለሉ ግን ስገባ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ባለስድስት ማዕዘን ነጫጭ ሴራሚክ ነው፤ እያንዳንዷ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። በመሐል በመሐሉ ጥቋቁሮቹ እንደ አበባ ተሰክተዋል። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ስንት ሰው ረግጦታል፣ ዛሬም አለ።

እዚያ አገር ይህ ነገር ተመልሶ ተወዳጅ ሆኗል። ሰዎች አዲስ ቤት ይሠሩና መታጠቢያ ቤቱ የቅድመ አያቶቻቸውን ዘመን እንዲመስል ይፈልጋሉ። ፋብሪካዎችም አዲሱን ሴራሚክ በድሮው መልክ ይሠሩታል። ትንንሾቹ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ መረብ ላይ ተለጥፈው ነው የሚሸጡት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው 7.5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነጭ ሴራሚክ ደግሞ ስሙን ያገኘው በ1904 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። የጣቢያዎቹ ግድግዳ በእሱ ተለብጦ ነበር።

ነገሩን ሳጠናው የገባኝ፣ የድሮ ሰዎች ይህን የመረጡት ለዓይን ብቻ አለመሆኑን ነው። በሽታ ከጀርም እንደሚመጣ ከታወቀ ወዲህ ሰው ቆሻሻ የማይደበቅበት ቤት ፈለገ። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ነጭ ሆነ። የወለሉ ሴራሚክ ትንንሽ የሆነውም በምክንያት ነው። መጋጠሚያው ሲበዛ እርጥብ እግር አይንሸራተትም። ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው ሲያዘነብል ደግሞ ትንሹ ሴራሚክ አብሮ ያዘነብላል፤ ትልቁ ግን መቆረጥ አለበት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚታጠበው ገንዳ ውስጥ ወይም በመስታወት በተከለለ ሻወር ነው። ወለሉ ደረቅ ነው። ድሮ ምክንያት የነበረው አሁን መልክ ብቻ ሆኗል። እኛ ጋ ግን ውሃው የሚፈሰው እዚያው ወለሉ ላይ ነው። ምክንያቱ ማርቆስ ውስጥ ዛሬም ሕያው ነው።

ሱቅ ስዞር ያገኘሁት ሌላ ነው። 60 በ60 የሆነ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ እብነበረድ የሚመስል ሴራሚክ በየሱቁ ተደርድሯል። ትልቅና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቤቱ ተከበረ ማለት ነው። ሰዉን አልፈርድበትም። በእበት ተለቅልቆ፣ ቀጥሎ በሊሾ ያደገ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ብርሃን የሚረጭ ወለል ቢመኝ ምን ያስወቅሰዋል? ግን የእናቴን እግር አሰብኩ። ሳሙና የነካው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ አንዲት አሮጊት ስትቆም አሰብኩ። ባለስድስት ማዕዘኑን ፈልጌ አጣሁት። በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ጥጉ ላይ፣ 20 በ20 የሆነ የማያብረቀርቅ ጥቁርና ነጭ አገኘሁ። ጎረቤቶቻችን ትንንሹን ሲያዩ ብር ያጠረኝ መስሏቸው አዘኑልኝ።

እናቴ ግን ከጥቁሩ ጋር ተጣላች። እኔ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ትከሻ ቁመት ላይ፣ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር እንዲዞር ፈልጌ ነበር፤ እንደ ቀሚስ ጥለት። አሜሪካ ውስጥ በጣም የሚወደድ አሠራር ነው።

«ልጄ፣ ጥቁር ጥለት የምን እንደሆነ ጠፋሽ?» አለችኝ። «የሐዘን ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሐዘን ልይ?»

አባቴን ከቀበርን ሦስት ዓመታችን ነው። መስመሩን ተውኩት። ወለሉንም እንተው ወይ ብዬ ስጠይቃት ግን ጥቁሩንና ነጩን አንሥታ ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸው። «ወለሉስ ይሁን። መሬት ድሮስ ጥቁር አይደል? ቡሬ በሬ ይመስላል» አለች። አባቴ ቡሬ በሬ ይወድ ነበር።

ሴራሚኩን ያነጠፈው ልጅ ገና ሃያ አምስት አይሞላውም። እጁ ግን የበሰለ ነው። ሲሚንቶ ሳያቦካ በፊት ሴራሚኩን በደረቁ ደርድሮ አሳየኝ። «እትዬ፣ በወርዱ ሰባት ሙሉ ከገባ በየዳሩ 5 ሴንቲ ቁራጭ ይተርፋል፤ ያስጠላል። ስድስት ሙሉ እናስገባና በየዳሩ 15 ይሁን» አለኝ። ልክ ነበር። እንደ ዳማ መጫወቻ ጥቁርና ነጭ ሲፈራረቅ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ዳሩን ነው። እኔ ሰያፍ ይሁን ብዬ ነበር፤ ጠባብ ክፍል በሰያፍ ሰፋ ብሎ ይታያል ይባላል። ቁራጩ ስለሚበዛና ሴራሚኩ ስለሚባክን አልገፋሁበትም።

ውሃ ልኩን ይዞ በሜትር 2 ሴንቲ ያህል ወደ መውረጃው አዘነበለው። ሲደርቅም እያንዳንዷን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ መታና ድምጿን አዳመጠ። ሥሯ ባዶ የሆነች በድምጿ ትታወቃለች። ሁለቱን አንሥቶ ደግሞ ሠራቸው። ይህ እኛ ጋ ቀልድ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ሲያልቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ የሚገባ ሰው ወለሉ ላይ ዘጭ ነው የሚያደርገው። ሥሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ያን አይችልም።

በመጋጠሚያው ላይ ግን ከልጁ ጋር ተከራከርን። የለመደው በነጭ ሲሚንቶ መሙላት ነው። ነጭ መጋጠሚያ አንድ ክረምት አይቆይም፤ የማርቆስ ጭቃ ያጠቁረዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውም የድሮው መጋጠሚያ አመድማ ነው። ስለዚህ ነጩን ሲሚንቶ ከተራው ሲሚንቶ ጋር እየቀላቀለ፣ በቁራጭ ሴራሚክ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አመድማውን ቀለም አገኘው። ጥቁሩ ላይ የቀረውን ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ጠረገው። ከደረቀ ነጭ ጉም ሆኖ ይቀራል። ጥቁር ሴራሚክ ቶሎ ያሳብቃል፤ የሳሙናውም የውሃውም ምልክት ይታይበታል። እናቴ ከታጠበች በኋላ በጨርቅ ታብሰዋለች።

ግድግዳው ላይ ነጭ ብቻ ሆነ። መስኮቷ ትንሽ ናት፣ መብራትም ይጠፋል። ቀን ላይ ያ ነጭ ከመስኮቷ የገባውን ብርሃን ይዞ ክፍሏን ያበራታል።

አሜሪካ ያለው ወለሌ ላይ፣ ከበሩ ሥር፣ አራት ሴራሚክ ተሰብረው በሌላ ተተክተዋል። ነጩ ነጭ ነው፤ ግን ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። ለዚህ ብዬ ከባሕር ዳር ትርፍ ሁለት ካርቶን አስጫንኩ፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን እናቴ አልጋ ሥር አስገባናቸው።