«ማሽኑ አይደል የሚሠራው?»

ይቺን የሚለኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ልናገር ነው። እዚህ ፍራንክፈርት ብርዱ ገና ብቅ ሲል ስልኬ እረፍት የለውም። «እስቲ ለልጁ አንድ ሹራብ ጣል አድርጊለት፣ ማሽን አለሽ አይደል?» ጣል አድርጊለት!

ስሙኝማ። ይህ የሹራብ መሥሪያ ማሽን ሶኬት የለውም። ድሮ ጃፓን የተሠራ ነው፣ ሞተሩ የኔ ክንድ ነው። 200 መርፌ በየ4.5 ሚሊሜትሩ ተደርድሯል። ከላይ ያለውን ጋሪ ከዳር እዳር ስገፋው አንድ ረድፍ ይወጣል። አንድ ብቻ! ትከሻዬን ጠይቁት።

ሹራቡ ላይ ያለው አበባ የሚወጣው ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ካርድ ነው። ካርዱ በወርዱ 24 ቦታ አለው። የተበሳው ቦታ ሁለተኛውን ቀለም ያመጣል፣ ያልተበሳው ዋናውን። ከ24 መርፌ በኋላ ያው ንድፍ ይደገማል። ይህን ሳስረዳ ያዛጉና «በአምስት ቀለም ስሙን ደረቱ ላይ ጻፊበት» ይላሉ። ኧረ በአንድ ረድፍ ሁለት ቀለም ነው! ስንቴ ልበል?

ጉዱ ግን ስፖንጁ ነው። መርፌዎቹን ተጭኖ የሚይዝ ረጅም ዘንግ አለ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ያለው። እሱ ሲያረጅ መርፌዎቹ ቦታቸውን ይለቃሉ፣ ጋሪው ይላተምና መሃል ላይ ቅርቅር ይላል። ሻጯ «እንደ አዲስ ነው» ብላኝ ነበር። ዘንጉን ስስበው ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ስፖንጁ እሱ ነበር! የጋሪው ዘይትም ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በነገራችን ላይ፣ አሮጌ ማሽን ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ያንን ዘንግ ስባችሁ እዩ።

ደግሞ የሚወጣው ሹራብ አይደለም፣ ዝርግ ጨርቅ ነው። ፊቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ እጅጌዎቹ ለብቻ። አንገቱን መርፌ በመርፌ እየቀነስኩ የማወጣው እኔ፣ የምገጣጥመውም እኔ።

ሰሞኑን አንዲት የእናቴ ወዳጅ ጣት የሚያክል ወፍራም ክር ተሸክመው መጡ። «ክሩን እኔ ችያለሁ፣ አንቺ ምን ትደክሚያለሽ!» አሉኝ። እትዬ፣ ይህ ማሽን ቀጭን ክር ነው የሚበላው ብላቸው «ታዲያ ትንሽ ላላ አታደርጊውም?» አሉኝ።

ክሩ ሳሎን ተቀምጧል። በእጅ መሥራት የምትችሉ መጥታችሁ ውሰዱልኝ።