ማስተካከያ፦ ቨርጂኒያ ሳቲር ሐኪም አልነበሩም

ስለ ቤተሰብ ቴራፒ (ቤተሰብን በአንድነት በማነጋገር ስለሚሰጥ ሕክምና) ሰሞኑን ሲዘዋወር በነበረ አንድ ጽሑፍ ላይ አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ሳቲር «ታዋቂ የአእምሮ ሐኪም» ተብለዋል። ማስተማር የጀመሩትም «በስተርጅና» እንደሆነ ተጽፏል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ሳቲር ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) ነበሩ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በዚሁ ሙያ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ መምህርት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዊስኮንሲን ውስጥ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቀው ትምህርት ቤት ገቡ። የተማሪዎቻቸውን ቤት እየሄዱ ይጎበኙ ነበር። ወላጆችን በቅርብ ማወቅ የጀመሩት ያኔ ነው።

ይህ ተራ የማዕረግ ስህተት አይደለም። በዚያ ዘመን ሳይኮቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) በአብዛኛው የሐኪሞች ሥራ ነበር፤ ታካሚውም የሚታየው ብቻውን ነው። ሳቲር ግን አባትን፣ እናትንና ልጆችን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ማነጋገር ያዙ። ወደዚህ ያመጣቸው የሶሻል ወርከርነትና የመምህርነት ልምዳቸው ይመስለኛል። «ሐኪም» ስንላቸው ይሄ ሁሉ ይጠፋል።

ስለ ማስተማሩም፦ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኢሊኖይ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ለሚማሩ ሐኪሞች ስለ ቤተሰብ ያስተምሩ ነበር። አዎ፣ ሶሻል ወርከሯ ሐኪሞችን! በ1959 ደግሞ ፓሎ አልቶ፣ ካሊፎርኒያ፣ ከአእምሮ ሐኪሙ ዶን ጃክሰን ጋር የምርምር ተቋም ሲመሠረት የቤተሰብ ቴራፒ ሥልጠናውን መርተዋል። በ1988 አርፈዋል።

ጽሑፉን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አያይዙበት።