«ቀኗ ደርሶ ነው» አትበሉኝ

የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ከዚያች ልጅ ቀብር ስንመለስ ከአፋችን የወጣው ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ምን ይደረግ፣ ቀኗ ደርሶ ነው» አልን። አልደረሰም!

ከመንዝ መጥታ ፋብሪካ የተቀጠረች ልጅ ነበረች። ከታናሽ እህቷ ጋር ጓሮ ያለች ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ክፍሏ የነበራት አንዲት መስኮት ናት፤ እሷንም አከራዩ ከጀርባ ሌላ ክፍል ሲቀጥሉ በብሎኬት ደፈኗት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ «ቆጣሪ ይበላል» ተብሎ ተከልክሏል። የኅዳር ውርጭ ሲወርድ ልጆቹ ምን ያድርጉ? ሽሯቸውን ደጅ ይሠሩና ከሰሉ ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ ያስገቡታል፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፈው ይተኛሉ።

ታናሺቱ ጠዋት ጠዋት «ራሴን፣ ራሴን» ትል ነበር፤ ያስመልሳታልም። ግቢው ሁሉ ሰምቷል። «ምች ነው» ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸላት፣ ብርድ እንዳይገባባት በሩን ዝጉ ተባለ። ዳማከሴውን ያሹላትን እናት አልወቅስም፤ በፍቅር ነው ያደረጉት። ግን ደጅ ስትወጣ የሚለቃት፣ ስትገባ የሚይዛት ምን ዓይነት ምች ነው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። አንድ ማለዳ በሩ ሳይከፈት ረፈደ። ሲሰበር ታናሺቱ ትንፋሽ ነበራት። ታላቋ ቀዝቅዛ ነበር።

ይህን እንኳ ባለማወቃችን ላሳብበው። ይቅር የማልለው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አርባዋ ሳይወጣ ክፍሏ ተከራየች። ግድግዳው ቀለም ተቀባ፤ ብሎኬቱ ግን እንደተደፈነ ነው። ደላላው ያውቃል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ለአዲሱ ተከራይ የነገረው ግን የለም። የሰው ገበያ እንዳናበላሽ ተሳቅቀን ነው እኮ! የሰው ልጅ ቀብረን ስናበቃ!

ስሙኝ እንጂ። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ጭስማ ያስላል፣ ያባንናል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለው። «አሁን ጠርቷል» ብላችሁ የምታስገቡት የቀላ ፍም ይህን ጋዝ ያመነጫል። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ የጠነከረ ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። አጠገቡ ውኃ ማስቀመጥ፣ አመድ ማልበስ አያድንም። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ድሮውንም ስስ ነው፣ መርዙ ይብስብናል።

አከራዮች፣ የደፈናችሁትን መስኮት ክፈቱ። መስኮት መኖሩ ብቻውን ግን ከሰል አስገብቶ ለመተኛት ዋስትና አይሆንም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ፍቀዱላቸው፣ ሒሳቡን ተካፈሉ። ተከራዮች፣ ቤት ስትገቡ የሚያማችሁ ራስ ምታት ደጅ ስትወጡ ከተሻላችሁ ፍሙን ጠርጥሩ፤ የደከመውን ሰው ወደ አየር አውጡትና ሆስፒታል አድርሱት።

ዕድራችን ድንኳን ለመትከል የሚቀድመው የለም። ከኅዳር በፊት በየግቢው ዞረን የተደፈኑትን እናስከፍት ተብሎ ሐሳብ ሲቀርብ ግን «በሰው ቤት ምን አገባን» ተባለ። ያም ሆኖ ጥቂት እጆች ተነሥተው ነበር። ደክሞኛል፣ ተስፋዬም ብዙ አይደለም። ቢሆንም ሐሳቡ በጥቅምቱ ስብሰባ እንደገና ይቀርባል፤ እባካችሁ፣ ያን ቀን አትቅሩ።